ሳራችን ውስጥ ክሎቨር ገብቶ እየተስፋፋ ነው፣ ምን ይሻላል?

የሐይቅ ዳሯ፦
ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። ግቢያችን ሰርዶ ነው የተተከለው። ዝናቡ ከገባ ወዲህ መሃሉ ላይ ባለ ሦስት ቅጠል ነገር መጣና መሬት ለመሬት እየተሳበ ሳሩን እየበላው ነው። ነጭ ድቡልቡል አበባ ያወጣል። መጀመሪያ በሩ አካባቢ ብቻ ነበር፣ አሁን አቮካዶው ሥር ደርሷል። በእጅ ነቀልነው፣ ተመልሶ መጣ። ሳር የሚያጭድልን ልጅ «መድኃኒት እናርከፍክፍበት» ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ «አረንጓዴ እስከሆነ ምን ቸገረሽ» ባይ ነው። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። አጥሩ ሥር ቲማቲምና ፓፓያ አለኝ፣ ልጆቹም ሳሩ ላይ በባዶ እግራቸው ነው የሚውሉት። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አትክልተኛው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ክሎቨር መሆኑን አረጋግጪ። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው ክሎቨር ነው የሚለው ሌላ አረም ነው፣ ያ ልጆች እያኘኩ «ኮምጣጣ» የሚሉት። የእሱ ቅጠል ጫፉ ላይ ገባ ብሎ የልብ ቅርጽ ይይዛል፣ አበባው ሮዝ ወይም ቢጫ ሆኖ አምስት ቅጠል አለው። የክሎቨር ቅጠል ክብ ወይም ሞላላ ነው፣ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው። አበባው ደግሞ ብዙ ትንንሽ አበቦች ተሰብስበው ድቡልቡል የሆኑበት ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሮዝ አበባ ያለው ኮምጣጣው ከሥሩ ትንንሽ ሽንኩርት የሚመስሉ ነገሮች አሉት፣ በመኮትኮቻ ስትቆፍሪው እነሱን በየቦታው ትበትኛቸዋለሽ። ክሎቨር እንዲህ ያለ ሽንኩርት የለውም።

የሐይቅ ዳሯ፦
አይቼዋለሁ፣ ነጭ ምልክት አለው። አይኮመጥጥም። ክሎቨር ነው ማለት ነው።

አትክልተኛው፦
እንግዲያው ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ክሎቨር ከባቄላና ከሽምብራ ወገን ነው። ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። አንዱን ነቅለሽ ብትፈነክቺው ውስጡ ቀላ ይላል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ይመግቡታል። ሰርዶ ይህ ዕድል የለውም፣ አፈሩ ካልሰጠው ይራባል። ስለዚህ ናይትሮጂን ያለቀበት አፈር ላይ ብዙ ጊዜ ክሎቨር ያሸንፋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጁ የታጨደውን ሳር የት ነው የሚያደርሰው? በጆንያ ሞልቶ ለላም ወይም ለፍየል የሚወስደው ከሆነ ከግቢሽ ማዳበሪያ እየወጣ ነው ማለት ነው። በየጊዜው ታጭዶ የሚሄድ፣ ምንም የማይመለስለት ሳር እንዴት ይጠንክር? በዚያ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ልጆች ሳር አያጭዱም፣ ይላጫሉ እንጂ። ቀዩ አፈር እስኪታይ። ክሎቨር መሬት ላይ ተጋድሞ ስለሚያድግ ማጭዱ አያገኘውም፣ ሳሩ ግን አናቱን ይቆረጣል። ቁመቱን ወደ 5 ሴንቲ ገደማ ተዉት። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። አልፎ አልፎ ብጥስጣሹ እዚያው ይበተን፣ ቶሎ ይበሰብሳል።

የሐይቅ ዳሯ፦
በትክክል በጆንያ ነው የሚወስደው! ደስ ብሎን ነበር እኮ፣ ጠረጋውን ስለሚያቀልልን። አማቴ ከገጠር ያመጡት ማዳበሪያ ቤት አለ፣ ኤንፒኤስ የሚባለው። እሱን ልበትን?

የታቦር ልጅ፦
ኤንፒኤሱን ለአማትሽ እርሻ ተዪው። በውስጡ ፎስፈረስ ይበዛል፣ ክሎቨር ደግሞ ፎስፈረስ ሲያገኝ ይፈነጥዛል። ሳሩን እረዳለሁ ብለሽ ባላጋራውን ትቀልቢያለሽ። ዩሪያ ነው የሚያዋጣሽ፣ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ገደማ ይበቃል። ዕፍኝ ሙሉ እየዘገኑ የሚረጩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ሳሩ በክብ በክብ ተቃጥሎ ይቀራል። ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን በስሱ በትኚው፣ ወዲያው በጎማ ደህና አድርገሽ አጠጪ። ዩሪያ ካልወደድሽ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ፍግ ነፍተሽ ከላይ ብትነሰንሺም ይሆናል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

መድኃኒቱን ግን ተዪው። ልጁ የሚያስበው ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨውን ቱ-ፎር-ዲ ከሆነ፣ እሱ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ይገድላል፣ ሳር አይነካም፣ እዚህ ድረስ እውነት ነው። ነጭ ክሎቨር ላይ ግን ለብቻው ያን ያህል አይበረታም፣ ያጠወልገውና ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቲማቲምሽ ግን አይተርፍም። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ ታውቂዋለሽ፣ ጠብታው ወደ ጎረቤት ሁሉ ይሄዳል። ፓፓያም እንደዚሁ ነው። ራውንድአፕ የሚልሽ ሰው ከመጣ ደግሞ በሩን ዝጊበት፣ ሰርዶውንም ክሎቨሩንም አንድ ላይ ነው የሚያደርቀው። በዚያ ላይ የልጆቹ እግር አለ፣ የሐይቅ ዳር ጎርፍ የት እንደሚገባም የታወቀ ነው።

ሚሚ ከአቶቴ፦
እረ እኔ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ 😄 ምን አደረገሽ? ደጋ አካባቢ ያደገ ሰው ማገጥ፣ ማለትም የአገራችንን ክሎቨር፣ ሲያይ ደስ ነው የሚለው። መስከረም ላይ ሜዳው ሁሉ ወይን ጠጅ ሆኖ ንቡ ሲርመሰመስበት አይተሽ አታውቂም? እኔ ግቢ ውስጥ ግማሹ ሳር ግማሹ ክሎቨር ነው፣ ማንም መጥቶ ግቢሽ አስጠላ ያለኝ የለም። ክሎቨሩ ሲረግፍና ሲበሰብስ ናይትሮጂኑ ለሳሩ ይተርፋል። ሰው እኮ ፎቶ ላይ ያየውን ምንጣፍ የመሰለ ሳር ይፈልግና ዕድሜውን ውሃ ሲያጠጣ ይኖራል። የሚያሰጋው ንቡ ነው፣ እሱን አልክድም። ባዶ እግር ያለ ልጅ ካለ አበባው ሲወጣ ቶሎ ቶሎ ማሳጨድ ነው። አበባ ከሌለ ንብ አይመጣም።

አትክልተኛው፦
ሚሚ እውነቷን ነው፣ አበባውን መቁረጥ ሌላም ጥቅም አለው፣ ዘር አይጥልም። የክሎቨር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። አንዴ ነቅዬ ጨረስኩ የሚባል ነገር የለም። በእጅ የምትነቅዪ ከሆነ ዝናብ በጣለ ማግስት አፈሩ ርሶ ሳለ ይሁን፣ የሚሳበውን ግንድ ጫፉን ይዘሽ እየተከተልሽ። በየአንጓው ሥር ስለሚሰድ ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ ሁሉ እንደገና ይበቅላል። የነቀላችሁት ተመልሶ የመጣው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ። ልጁ የሚወስደውን ለላም የሚሰጥ ከሆነና ክሎቨሩ ከበዛ፣ እርጥቡን ለተራበች ላም እንዳያቀርብ ንገሪው። ሆዷን ይነፋታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ጠውልጎ፣ ከደረቅ ሳር ወይም ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ ይሻላል።

የሐይቅ ዳሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ልጁን አነጋግሬዋለሁ፣ ቁመቱን ከፍ አድርጎ ሊያጭድ ተስማምቷል፣ በየሁለተኛው ጊዜ ሳሩ እዚሁ ይቀራል። ዩሪያውን የበሩን አካባቢ እሞክራለሁ። አቮካዶው ሥር ያለውስ? እዚያም ልበትን?

የታቦር ልጅ፦
እዚያ አትልፊ። ሰርዶ ፀሐይ ይወዳል፣ ጥላ ሥር ዩሪያ በጆንያ ብታፈሺለትም አይወፍርም። እዚያ ክሎቨሩን ተዪው፣ ባለቤትሽም ደስ ይበለው።