ዋሽንግተን ወይስ ሲያትል? በማርች መጨረሻ ስለሚደረግ ጉዞ የቀረበ ክርክር

አወያይ፦ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞች የምንገናኝበት ቀን ከማርች 25 እስከ 28 ቀን 2027 እንዲሆን ሐሳብ ቀርቧል፤ በቦታው ግን አልተስማማንም። ጥያቄው የአየር ጠባይን ብቻ መመዘኛ ብናደርግ ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሽንግተንና ከሲያትል የትኛው ይሻላል የሚል ነው። የዋሽንግተን ስም ከተማውንም ሲያትል የምትገኝበትን ግዛትም ስለሚያመለክት፣ በዚህ ክርክር ዋሽንግተን ሲባል ዋና ከተማዋ እንደሆነች ይታወቅልን። አብዛኛው መርሐ ግብር ከቤት ውጭ እንደሚካሄድ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አረጋውያን ወላጆችም እንዳሉ አትዘንጉ። ስለ ምግብ አንከራከር፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ የጾም በያይነቱ በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ከዋሽንግተን አጠገብ ካለችው ከተማ)፦ እኔ ዋሽንግተንን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴም አኃዝ ነው። በማርች ወር የዋሽንግተን የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ የሲያትል ወደ 12 ዲግሪ ነው። በዚያው ወር ዋሽንግተን ላይ የሚዘንብባቸው ቀናት 11 ገደማ ሲሆኑ ሲያትል ላይ ወደ 17 ይደርሳሉ። ከዚህም በላይ የቶኪዮ ከንቲባ በ1912 በስጦታ የላኳቸው የቼሪ ዛፎች ታይዳል ቤዚን በተባለው የውኃ ማቆሪያ ዙሪያ የሚያብቡት አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ስለሆነ፣ የመረጥነው ቀን ከአበባው ጋር ይገጥማል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ የስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክሮች በነፃ ክፍት ናቸው።

ከሲያትል፦ ወንድሜ ያቀረቡት አኃዝ ትክክል ነው፤ የማልስማማው ከአኃዙ በወሰዱት ድምዳሜ ነው። አማካይ ማለት ብዙ ጊዜ ማንም ያልኖረበት ቀን ነው። በዋሽንግተን ማርች ማክሰኞ ዕለት በሸሚዝ የሚያስወጣ 24 ዲግሪ ሆኖ፣ ሐሙስ ዕለት ከ5 ዲግሪ የማያልፍና ነፋስ የበዛበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ የሁለቱ አማካይ 14 ተኩል ቢሆንም 14 ተኩል የሆነ ቀን ግን አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከካናዳ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣው ሞቃትና እርጥብ አየር በዚያ ወር የሚፋለሙት በምሥራቁ ጠረፍ ላይ ነው፣ የሚገታቸውም ነገር የለም። ሲያትልን ግን ከምዕራብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ያለዝባታል፤ ከመሐል አህጉሩ የሚመጣውን ብርድ ደግሞ የካስኬድ ተራሮች ይመልሱላታል። ስለዚህ የእኛ 12 ዲግሪ ከ11፣ ከ12፣ ከ13 የተሰበሰበ 12 ነው። ሌሊቱም ቢሆን በአማካይ ወደ 5 ዲግሪ ስለሚሆን ከዋሽንግተኑ 4 ዲግሪ አያንስም።

ስለ ዝናቡም አንድ ነገር ልጨምር። ሲያትል በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከዋሽንግተን በጥቂቱ ያንሳል፤ ይህን የሚያምነኝ ሰው ግን አላገኘሁም። የእኛ ካፊያ ነው፣ ነጎድጓድ እምብዛም የለውም፣ ብዙው ነዋሪም ጃንጥላ አይዝለትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እህቴ፣ ካፊያ ዶፍ አይደለም ማለት አያረጥብም ማለት አይደለም። የዓመቱን ድምር ማንሳትዎም ለዚህ ክርክር አይረዳም፤ ሲያትል የጁላይና የኦገስት በጋዋ ደረቅ ስለሆነ ድምሩ ያንሳል እንጂ በማርች ብቻ ከተቆጠረ ሲያትል 107 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ዋሽንግተን ደግሞ 88 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛሉ። በእኛ በኩል ዝናቡ ወርዶ ያበቃና ሰማዩ ይጠራል። በእናንተ በኩል ግን አራቱም ቀን ደመና ተጭኖ ቢውል፣ ልጆች የሬኒየርን ተራራ ሳያዩ ወደየመጡበት ይመለሳሉ።

ከሲያትል፦ የተራራው ነገር እውነት ነው፤ በዚያ ወር ለማንም ቃል አልገባም። የቼሪ አበባ ግን እኛም ጋ፣ እዚሁ ሲያትል ባለው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በዚያው ሰሞን ይፈካል።

ከአዲስ አበባ፦ ሁላችሁም የማርችን መጨረሻ የፀደይ መግቢያ አድርጋችሁ ትከራከራላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ ይህም ኤፕሪል 4 መሆኑ ነው። እናንተ በመረጣችሁት ቀን እኛ ገና በበጋው ውስጥ ነን። መጋቢት ለአዲስ አበባ ከዓመቱ ሞቃት ወራት አንዱ ስለሆነ፣ ከእኔ ጋር የሚመጡት እናቴ የ25 ዲግሪ ፀሐይ ትተው ነው አውሮፕላን የሚሳፈሩት። ብርድ አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፣ ነገር ግን ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ታስተካክለዋለች። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ቅዝቃዜ ሲሆን ነው። እንደዚህም ሆኖ፣ ምን እንደማለብሳቸው አስቀድሜ የማውቅበትን ከተማ እመርጣለሁ። የታወቀ 12 ዲግሪ በወፍራም ሹራብና በዝናብ ካፖርት ይቻላል፤ ከ5 እስከ 24 ለሚዋዥቅ አየር ግን ሁለት ሻንጣ ልብስ መያዝ ሊኖርብኝ ነው።

ከዴንቨር፦ እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ በዴንቨር ማርች ከወራት ሁሉ በረዶ የሚበዛበት ስለሆነ በሁለቱም ከተሞች አየር ማማረር አልችልም። በአበባው ግን መወሰን ስሕተት ይመስለኛል። የዋሽንግተን ቼሪ ሙሉ ፍካት ላይ የደረሰው በ1990 ማርች 15 ሲሆን በ1958 ደግሞ ኤፕሪል 18 ነበር፤ በ2024ም ማርች 17 ስለነበር ያን ዓመት በመጨረሻው ሳምንት የሄደ ሰው የረገፈ አበባ ነበር የሚያየው። በ2017 ደግሞ በማርች አጋማሽ የወረደው ውርጭ ከአበባው ግማሽ ያህሉን ሳይፈካ አቃጥሎታል። ከዓመት በፊት ትኬት የሚቆርጥ ሰው አበባን በቀጠሮ ሊይዝ አይችልም።

ለእኔ የተሳሳተው ከተማው ሳይሆን ቀኑ ነው። ማርች 28 ቀን 2027 የምዕራባውያን ፋሲካ ስለሆነ አውሮፕላኑም ሆቴሉም ይጨናነቃል፤ የእኛ ፋሲካ ግን ሜይ 2 ነው። መገናኛውን ወደ ኤፕሪል 8 ብናሸጋግረው ከሰሙነ ሕማማት ጋር አይጋጭም። በኤፕሪል የዋሽንግተን የቀን ሙቀት በአማካይ ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ሲያትል ከ15 ብዙም አታልፍም።

ከሲያትል፦ በማርች ላይ የተናገርኩትን አልለውጥም። ቀኑ ወደ ኤፕሪል ከዞረ ግን በሙቀት መከራከር እንደማልችል አምናለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ በኤፕሪል ዋሽንግተን ከዛፎች የሚነሳው ብናኝ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች እንደሚያስቸግር ነዋሪዎቿ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ስለዚህስ ምን ይባላል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይህን መካድ አልችልም፤ እኔው ራሴ ከኦክና ከበርች ዛፍ ብናኝ የተነሳ በየኤፕሪሉ ዓይኔ ሲያለቅስ ይሰነብታል፣ መኪናዬም አቧራ እንደተነፋበት ቢጫ ይሆናል። አለርጂ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከጉዞው በፊት ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይጀምር፤ ከጉብኝቱም ጥቂቱን ዝናብ በጣለ ማግስት ብናደርገው አየሩ ጠርቶ ይጠብቀናል። አበባውን በተመለከተ የዴንቨሩን ወንድሜን ተቀብያለሁ።

አወያይ፦ እንግዲህ አንድ የነበረው ጥያቄ ሁለት ሆኗል። መጀመሪያ በቀኑ ላይ፣ ቀጥሎ በቦታው ላይ ድምፅ እንሰጣለን።

ከአዲስ አበባ፦ ማርች ከጸና ለሲያትል፣ ኤፕሪል ከሆነ ለዋሽንግተን ድምፄን ሰጥቻለሁ። እናቴንም ጠየቅኋቸው፤ በየትኛውም ቢሆን ጋቢያቸውን ሳይዙ እንደማይነሡ ነግረውኛል።