እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ከእስያ ቋንቋዎች የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከጀማሪ

አፌን የፈታሁት በአማርኛ ቢሆንም ትምህርቴን የጨረስኩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አዲስ ነገር ስማር የማነበውም ማስታወሻ የምይዘውም በእንግሊዝኛ ነው። አሁን አንድ የእስያ ቋንቋ ለመማር ቆርጫለሁ፤ የቸገረኝ ግን ምርጫው ነው። ማንዳሪን ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና ኢንዶኔዥያኛ በሐሳቤ ይመላለሳሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ማንዳሪንን በስልክ መተግበሪያ ጀምሬ በአራተኛው ወር አቋርጫለሁ፤ ቃላቱን ተጽፈው ሳያቸው አውቃቸዋለሁ፣ ሰው ሲናገራቸው ግን አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። በቀን ልመድበው የምችለው አንድ ሰዓት ነው። ሥራዬ ቋንቋውን አይጠይቀኝም፤ ፍላጎቴ መጻሕፍትን በተጻፉበት ቋንቋ ማንበብና ከሰው ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ነው። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፣ ከአስተርጓሚ

ከጊዜው ስሌት ቢነሡ መልካም ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሠልጣኞች ለሥራ የሚበቃ ችሎታ እስኪይዙ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ከረጅም ልምዱ ተነሥቶ መድቦታል። በዚህ ምደባ ኢንዶኔዥያኛ 36 ሳምንት ያህል፣ ሂንዲ፣ ፋርስኛ፣ ታይኛና ቬትናምኛ 44 ሳምንት ያህል ሲወስዱ፣ ማንዳሪን፣ ካንቶንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ግን 88 ሳምንት ወይም 2200 የክፍል ሰዓት ይጠይቃሉ። በቀን አንድ ሰዓት ለሚማር ሰው 2200 ሰዓት ማለት አንድም ቀን ሳይታጎል ስድስት ዓመት ነው፤ ሠልጣኞቹ ደግሞ ሙሉ ቀን ከመምህር ጋር የሚውሉ፣ ከክፍል ውጭም የሚያጠኑ ናቸው። ይህን የምጽፈው ላስፈራዎ አይደለም። አራት ወር በቀን አንድ ሰዓት ቢያጠኑ 120 ሰዓት ብቻ ነውና፣ ያኔ ማቋረጥዎ ከችሎታ ማነስ የመጣ እንዳይመስልዎ ነው።

መልስ፣ ከማንዳሪን መምህርት

ያጋጠመዎት ችግር ከተማሪዎቼ ብዙዎቹን ያጋጠመ ነው፤ መነሻውም ዐይን ከጆሮ ቀድሞ መሠልጠኑ ነው። ማንዳሪን አራት የድምፅ ቃናዎችና አንድ ቃና አልባ አነባበብ አሉት። «ማይ» የሚለው ቃል ዝቅ ብሎ በሚነሣው በሦስተኛው ቃና ሲነገር መግዛት ነው፤ ከላይ ወደ ታች በሚወርደው በአራተኛው ቃና ሲነገር መሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሥራ ላይ የዋለው ፒንዪን የተባለው የላቲን አጻጻፍ ይህን በፊደሉ አናት ላይ በምልክት ስለሚያሳይ፣ የሚያነብ ሰው በዐይኑ ይለየዋል፤ ጆሮው ግን ምንም አልተማረም። እርስዎ ለዚህ ዐይነቱ ልዩነት ባዳ አይደሉም። በአማርኛ «አለ» ጠብቆ ሲነበብና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ ይለያያል፤ ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ጆሮዎ ለአፍታም አይሳሳትም። ወደ ማንዳሪን ከተመለሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በቃና ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ቃላትን በመስማትና የራስዎን ድምፅ ቀርጾ ከመምህር ድምፅ ጋር በማመሳከር ያሳልፏቸው። ቃላት ማጥናቱ ይቆይ። ግሡ በጊዜም በባለቤትም ስለማይረባ፣ በቃናው የሚያወጡት ድካም በሰዋስው በኩል ይካስልዎታል።

መልስ፣ ከኢንዶኔዥያኛ ተማሪ

ከአራቱ ቶሎ አፍ የሚያስፈታው ኢንዶኔዥያኛ ነው። በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ቃና የለውም፣ ግሡም በጊዜ አይለዋወጥም። ደስ የሚያሰኘው ከአንድ ሥር ቃላት የሚወለዱበት መንገድ ነው፤ «አጃር» ከሚለው ሥር «በላጃር» መማር፣ «መንጋጃር» ማስተማር፣ «ፐላጃር» ተማሪ፣ «ፐንጋጃር» አስተማሪ፣ «ፐላጃራን» ደግሞ ትምህርት ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ የመጽሐፉና የአፉ ቋንቋ ይራራቃሉ። መጽሐፉ «አይደለም» ለማለት «ቲዳክ» ብሎ ያስተምርዎታል፣ በጨዋታ መካከል የሚሰሙት ግን «ንጋክ» ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዷቸው።

መልስ፣ ከኮሪያኛ ተማሪ

ኮሪያኛ የሚጻፍበት ሀንጉል በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን ተፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1446 ይፋ የሆነ ፊደል ነው፤ መሠረታዊ ፊደላቱ 24 ብቻ ስለሆኑ በአንድ ሳምንት ማንበብ ይችላሉ። የሚያነቡትን መረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አማርኛ ተናጋሪን የሚረዳው የአክብሮቱ ሥርዓት ነው፤ «ተኛ» እና «ተኙ» እንደምንለው ሁሉ ኮሪያኛም ሰውን በማዕረጉ ይለያል፣ አልፎ አልፎም ሥሩን ጭምር ይለውጣል። ለእኩያ «ጃዳ» የሚባለው መተኛት ለታላቅ «ጁሙሺዳ» ይሆናል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስሌቱን ሳየው ልቤ ወደ ኢንዶኔዥያኛ አዘነበለ፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር እስካሁን ያነበብኩት የኢንዶኔዥያ መጽሐፍ የለም። በእንግሊዝኛ ትርጉም ደጋግሜ የማነባቸው ልብ ወለዶች አብዛኞቹ የጃፓን ናቸው። ስድስት ዓመት ግን ከበደኝ።

መልስ፣ ከአስተርጓሚ

እንግዲህ መልሱን ራስዎ ሰጥተዋል። የሰዓት ስሌቱ መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ይነግርዎታል እንጂ የት መሄድ እንዳለብዎ አይነግርዎትም። በማንኛውም ቋንቋ ሰው ለረጅም ጊዜ ገና ጎልዳፋ ሆኖ ይቆያል፤ ያን ጊዜ የሚያሻግረው አሁኑኑ ሊያነበው የሚጓጓለት ነገር መኖሩ ነው። ሥራዎ ስለማያስገድድዎ ወደ ጥናቱ የሚመልስዎ ሌላ ነገር አይኖርም። እኔ ብሆን ጃፓንኛን እመርጥ ነበር።

መልስ፣ ከጃፓንኛ አንባቢ

በዚህ እስማማለሁ፤ ከባዱንም ሳልሸሽግ ልንገርዎ። ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ሁለቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው፤ እንደ ፊደላችን አብዛኛው ሆሄ ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ በጥቂት ሳምንት ይለምዷቸዋል። ዓመታት የሚወስደው ካንጂ፣ ማለትም ከቻይንኛ የተወሰዱት የጽሑፍ ምልክቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታደሰው ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚውለው ዝርዝር 2136 ምልክቶችን ይዟል፣ አንዱ ምልክትም እንደ አገባቡ በተለያየ ድምፅ ይነበባል። እሑድ «ኒቺዮቢ» ይባላል፤ በሦስት ምልክቶች ሲጻፍ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ዐይነት ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ፊተኛው «ኒቺ»፣ ኋለኛው «ቢ» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ምልክቶችን ነጥለው አይሸምድዱ፤ ከሚገኙበት ቃል ጋር ይያዟቸው።

ሰዋስውን በተመለከተ ግን እባክዎ በእንግሊዝኛ ማሰብዎን ይተዉ። «መጽሐፍ አነባለሁ» የሚለው «ሆን ኦ ዮሚማስ» ነው፤ «ሆን» መጽሐፍ ነው፣ «ኦ» የእኛን «ን» የመሰለ የተሳቢ ምልክት ነው፣ ግሡም እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ደግሞ «ኪኖ ካታ ሆን» ሲባል ትናንት፣ የገዛሁት፣ መጽሐፍ በሚል በዚያው ቅደም ተከተል ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ለማሰብ ብዙ ይደክማል፤ እርስዎ ይህን ከልጅነትዎ ይዘውታል። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት ዓመት ሙሉ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጥ ከቆየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ያ ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል። መዝገበ ቃላቱ የእንግሊዝኛ ይሁን፣ የማስታወሻ ደብተርዎን ግን በአማርኛ ይጻፉት።

ጠያቂው

ጃፓንኛን መርጫለሁ፤ ነገ በሂራጋና እጀምራለሁ። እድገቴን በምን ልለካው? የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና መውሰድ ይበቃል?

መልስ፣ ከጃፓንኛ አንባቢ

የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ዝቅተኛው ኤን 5፣ ከፍተኛው ኤን 1 ይባላል፣ የሚሰጠውም በጁላይና በዲሴምበር ወራት ነው። ለንባብ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን የመናገር ክፍል የለውም። ከሰው ጋር መነጋገርም ስለሚፈልጉ ከሰባቱ ሰዓትዎ አንዱን በየሳምንቱ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ጋር ለመነጋገር ይመድቡ፤ ይህንንም ቃላት እስኪሞሉልዎ ሳይጠብቁ ከሁለተኛው ወር ጀምረው ያድርጉት።