የግልግል ውል ላይ «ሰበርን ትተናል» ብለን እንጻፍ ወይስ አንጻፍ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር በአንድ አንቀጽ ላይ ነው፤ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አንቀጽ 49። ንዑስ አንቀጽ 1 ተዋዋዮች ካልተስማሙ በቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ የለም ይላል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር መሠረታዊ የሕግ ስህተት ባለበት ጉዳይ ሰበር መጠየቅ ይቻላል ይላል፤ ሰበር ማለት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የመጨረሻ ውሳኔን ለመሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ የሚያይበት መንገድ ነው። ባጭሩ ይግባኝ የሚፈልግ ይጻፈው፣ ሰበር የማይፈልግ ይጻፈው። ደንበኛችሁ ሰበርን በውል እንዲተው ትመክራላችሁ? ለመሆኑ ሰበር በውል የሚተው ነገር ነው? አንቀጽ እየጠቀሳችሁ ተከራከሩ፤ «እኔ በያዝኩት መዝገብ…» የሚል ወሬ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ጠበቃ፣ ልደታ፦ እመክራለሁ። ሰው ወደ ግልግል የሚሄደው ነገሩ በአንድ ቦታ እንዲያልቅለት ነው። ሰበር ክፍት ከሆነ የተረታው ወገን 90 ቀኑ ሳያልፍ አቤቱታ ያስገባል፤ ነገሩ ልማድ ሆኗል። አቤቱታውን አስቀድሞ የሚያየው አጣሪ ችሎት «ያስቀርባል» (ሊመረመር ይገባዋል) ካለ መልስ፣ የመልስ መልስ እየተባለ ይቀጠራል። አቤቱታ ማቅረቡ ብቻውን አፈጻጸም አያቆምም፤ እግድ ከተገኘ ግን ያ ሁሉ የግልግል ወጪ ተከፍሎበት ውሳኔው መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ሕግ አውጪው በሩን ከፍቶልናል፤ ለምን አንገባበትም?

የቀድሞ ዳኛ፦ በሩን ከፍቷል ያሉት ሰው ቤቱ የማን እንደሆነ አላዩም። የሰበር ሥልጣን የመጣው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(3)(ሀ) ነው። እንግሊዝኛው የፍርድ ቤት የመጨረሻ ውሳኔ ይላል፤ አማርኛው ግን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ ነው የሚለው፣ «ፍርድ ቤት» የሚለው ቃል የለበትም። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። ሰበር ሰሚ ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21849 ተዋዋዮች የግልግሉን ውሳኔ የመጨረሻ ካደረጉት ሰበር አያየውም ብሎ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 42239 ይህን ለውጦ፣ የሰበር ሥልጣን በግለሰቦች ስምምነት የሚቀር አይደለም አለ። አዋጅ ቁጥር 1237 ከዚህ በኋላ መምጣቱን አውቃለሁ። ግን አዋጅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚ አይሆንም የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(1) ደግሞ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ጠበቃ፣ ልደታ፦ ጋሼ፣ ያው አንቀጽ 80(3)(ሀ) «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ብሎ ነው የሚያበቃው። 42239 ሲወሰን ሰበርን በስምምነት ማስቀረት ይቻላል የሚል ግልጽ ሕግ አልነበረም፤ ችሎቱ የተረጎመው ዝምታን ነው። ዛሬ ሕጉ ተናግሯል። ዝርዝር ማለት ይኸው አይደለም?

የቀድሞ ዳኛ፦ ዝርዝር ማለት አቤቱታው በስንት ቀን፣ በስንት ዳኛ፣ በምን ዓይነት ይቀርባል ማለት ነው። ሥልጣኑ ይኑር አይኑር የሚለውን ለሁለት ነጋዴዎች ፊርማ መስጠት ዝርዝር አይባልም። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ከተነሳ ደግሞ መንገዱ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤና ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለደንበኛዎ ያተርፉለት ጊዜ እዚያ ሊበላ ይችላል። «ሰበር የለም» ብለው ሳይሆን «ሰበር እንዳይኖር የተቻለንን አድርገናል» ብለው ነው መምከር ያለብዎት።

የኮንስትራክሽን ውል አማካሪ፦ ሁለታችሁም በሕገ መንግሥቱ ላይ ስትወዛገቡ ውሉ ላይ የተጻፈውን ማንም አላነበበም። በየውሉ የሚገለበጠው ዐረፍተ ነገር «የግልግል ጉባኤው ውሳኔ የመጨረሻና አሳሪ ይሆናል» የሚለው ነው። ይህ ሰበርን አያስቀርም። እንዲያውም ሰበር የሚያየው የመጨረሻ ውሳኔን ስለሆነ፣ «የመጨረሻ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ለሰበር አንዱን ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ ሰጠ እንጂ በሩን አልዘጋም። «ይግባኝ አይባልበትም» የሚለውም አይበቃም፤ ይግባኝ እንደሁ በንዑስ አንቀጽ 1 ሳይጻፍም የለም። የሚተው ሰው በስሙ ጠርቶ ይተው። ለምሳሌ፦

«ተዋዋዮች በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 አንቀጽ 49(2) መሠረት፣ የግልግል ጉባኤው በሚሰጠው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት በሚል ምክንያት የሰበር አቤቱታ ላለማቅረብ፣ ውጤቱን ተረድተን ተስማምተናል። ይህ ስምምነት ውሳኔው እንዲሻር በሕግ የተፈቀደውን አቤቱታ አይመለከትም።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አትዝለሏት። መሻር ሌላ፣ ሰበር ሌላ ነው። ጉባኤው አንዱን ወገን ሳይሰማ ቢወስን፣ ከተሰጠው ሥልጣን ቢወጣ፣ ገለልተኛ ያልሆነ ዳኛ ቢቀመጥበት በአንቀጽ 50 የሚጠየቀው መሻር ነው። ሁለቱን አደባልቆ «ማናቸውም የፍርድ ቤት አቤቱታ ቀርቷል» ብሎ የጻፈ ውል ሙሉ አንቀጹን ለጥቃት ያጋልጣል።

ጠበቃ፣ ሐዋሳ፦ አንቀጹ በደንብ ቢጻፍም የፈረመው ማን ነው? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ወኪል ያለ ልዩ ውክልና ጉዳይን ለግልግል መስጠት አይችልም። ብዙ ውል የሚፈረመው «ስለ እኔ ሆኖ እንዲዋዋል» በሚል ጠቅላላ ውክልና ነው፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም ለእህቱ የሚልከው ዓይነት። ክርክር ሲነሳ የመጀመሪያው መቃወሚያ «ወኪሉ ግልግል የመስማማት ሥልጣን አልነበረውም» ይሆናል። ስለዚህ ውክልናው ላይ «ለግልግል ዳኝነት መስማማት» እና «የሰበር መብትን መተው» ተለይተው ይጻፉ። ሁለት ምስክርም አስፈርሙ፤ ወጪ የለውም፣ የቅርጽ ክርክር ግን ያስቀራል።

ሌላው ቃሉ ነው። «አለመግባባት ሲፈጠር በሽማግሌ ይታያል» ብሎ የጻፈ ውል ዕርቅ ነው ወይስ ግልግል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አማርኛ «የዘመድ ዳኝነት» ይል ነበር፤ አዋጁ «የግልግል ዳኝነት» ይላል፤ ነጋዴው «ሽማግሌ» ይላል። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይፈርድም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። በአዋጁ ቃል ጻፉ።

ለዋናው ጥያቄ ግን መልሴ አትተው ነው፤ ቢያንስ ደካማው ወገን እንዲተው አትምከሩ። ለምሳሌ የዕቃ አከፋፋዩ ዋናው ድርጅት አሳትሞ በሰጠው ውል ላይ ነው የሚፈርመው፤ ቦታውን፣ የዳኛ አሰያየሙን፣ ቋንቋውን የመረጠው ሌላው ነው። በእንዲህ ያለ ውል ላይ ሰበር የቀረችው አንዲት መከላከያ ናት።

ጠበቃ፣ ልደታ፦ በዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። አንድ ዳኛ ብቻ ባለበት ግልግል ሰበርን መተው ቁማር ነው። አዋጁ የዳኞች ቁጥር ጎዶሎ ይሁን፣ ካልተስማማችሁ ሦስት ይሁኑ ይላል። ሰበርን የሚተው ሰው ሦስት ዳኛ ይያዝ፣ ሰብሳቢው የሕግ ባለሙያ እንዲሆን ይጻፍ። መሐንዲሱ ልኬቱን ያውቃል፤ የይርጋ ክርክር (የመክሰሻ ጊዜ አልፏል የሚለው) ሲመጣ ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ገንዘብን ወሰን ማድረግም ይቻላል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ለሆነ ክርክር ብቻ ሰበርን መተው።

የቀድሞ ዳኛ፦ የገንዘብ ወሰኑን አልወደድኩትም። መጠኑ የሚለካው በክሱ ነው በውሳኔው? ወለድና ኪሳራ ይደመራል? ለአንድ ክርክር ሁለት ክርክር እየጨመራችሁ ነው።

ጠበቃ፣ ዋሺንግተን፦ ከውጭ ሆኜ ላክልበት፤ እዚህ ያሉ የአገር ልጆች ቤት ሠሪና አስመጪ እየሆኑ አዲስ አበባ ላይ ይዋዋላሉና። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለ ማወቅና ማስፈጸም የተደረገውን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጽድቃለች፤ ተፈጻሚ የሚሆነው ከገባችበት በኋላ ለተደረጉ የግልግል ስምምነቶችና ለተሰጡ ውሳኔዎች ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተፈረመ ውል ላይ ተመክቶ ዝም ማለት አይገባም፤ ተጨማሪ ውል ተፈርሞ የግልግሉ አንቀጽ እንደገና ይጻፍ።

ሰበር እዚህ ላይ ለምን ያገባናል? በስምምነቱ አንቀጽ 5(1)(ሠ) መሠረት ውሳኔው በተሰጠበት አገር ባለሥልጣን ከተሻረ ሌላው አገር ማስፈጸሙን እምቢ ሊል ይችላል። የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ ከሆነ የሰበር ችሎቱ እጅ ረጅም ነው። የኢትዮ–ጅቡቲ ባቡር መስመር እድሳቱን ጉዳይ አስታውሱ፤ መዝገብ ቁጥር 128086። በሄግ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት አስተዳዳሪነት የተሰጠውን ውሳኔ ሰበር በ2010 ዓ.ም. መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት ብሎ ገልብጦታል። ያ ከአዋጅ 1237 በፊት ነው፤ የውጭ ባለሀብት ጠበቃ ግን ዛሬም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። አንቀጽ 49(2)ን ማሳየት ካልቻላችሁ መቀመጫውን ናይሮቢ ወይም ለንደን ያደርግባችኋል፤ ወጪውን ደግሞ ያገሬ ሰው ይከፍላል።

የኮንስትራክሽን ውል አማካሪ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካለበት ግን ከሰበሩ በፊት የአዋጅ 1237ን አንቀጽ 7 አንብቡ። ግብር፣ የሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ፣ መክሰር፣ ፍቺ፣ ወንጀል በግልግል አይታዩም። አስተዳደራዊ ውልም ሕግ ካልፈቀደ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ፈቃጁን ሕግ ሳትይዙ የሰበርን አንቀጽ ማሳመር ጣሪያ በሌለው ቤት በር መግጠም ነው።

ጠበቃ፣ ሐዋሳ፦ ፍርድ ቤት ለተከሰሰ ደንበኛም አንድ ነገር ልጨምር፤ የግልግል ውል አለ የሚለው መቃወሚያ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244(2)(ሰ) የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው። ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ካልተነሳ እንደተተወ ይቆጠራል። መልስ ጽፎ፣ ምስክር አስቆጥሮ፣ በሁለተኛው ቀጠሮ «ለካ ግልግል አለን» የሚል ጠበቃ ስለ ሰበር ባያስብም ይችላል።

የቀድሞ ዳኛ፦ ይሁን፣ እንተወው ካላችሁ የሚተውበትን ጊዜ ምረጡ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 350 የይግባኝ መብትን መተው የሚጸናው ሁኔታውን በሙሉ አውቆ ለተደረገ ብቻ ነው ይል ነበር። አንቀጹ ተሽሯል፤ ሐሳቡ ግን በዳኛ ጭንቅላት ውስጥ አለ። ከክርክሩ አምስት ዓመት በፊት በገጽ 47 የተጻፈ መተውና ጉባኤው ተሰይሞ፣ ጭብጡ ተይዞ፣ የገንዘቡ መጠን ታውቆ በመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የተፈረመ መተው እኩል አይታዩም።

ጠበቃ፣ ልደታ፦ ጋሼ፣ ያኔ ማን ይፈርማል? መረታቱን የጠረጠረው ወገን እኮ እጁን ይሰበስባል።

የቀድሞ ዳኛ፦ በውሉ ይጻፍ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ደግሞ ይረጋገጥ። አልፈርምም ካለ ቢያንስ በውሉ የፈረመው አለ፤ እምቢታውም በቃለ ጉባኤው ይመዝገብ። 42239 አንድ ቀን በአዋጅ 1237 ፊት ቀርቦ ሲመረመር ያቺ ገጽ መዝገቡ ውስጥ ብትገኝ ይሻላል።