የተራራው ምሳ፦ በሕዝብ መሬት ላይ የራስን ምግብ ተቀምጦ መብላት መብት ነው ወይስ አይደለም?

አስተባባሪ፦
ባለፈው ቅዳሜ በአሜሪካ ኮሎራዶ ካሉት ከዴንቨርና ከአውሮራ ከተሞች ተነሥተን ወደ በረዶ ሸርተቴ በሄድንበት ጊዜ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ከመካከላችን አንዲት እኅት በተራራው አጋማሽ ላይ ወዳለ ምግብ ቤት ከልጆቿ ጋር ገብታ ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት፣ አስተናጋጁ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያሻማ ቃል፣ ከውጭ የመጣ ምግብ እዚያ መብላት እንደማይፈቀድ ነገራት። ልጆቹ ምሳቸውን በረዶ ላይ ቆመው በሉ። ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ የምግብ ቤቱን ስም ላለማንሣት ተስማምተናል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ በሕዝብ መሬት ላይ የተሠራ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ፣ ሰው ከቤቱ ያመጣውን ምሳ የሚበላበት የሞቀ ክፍል እንዲያዘጋጅ ሊገደድ ይገባል ወይስ አይገባም? በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ወጣ ብሎ ደህና ምግብ መብላት ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም አብሮ መነሣቱ አይቀርም።

የአውሮራ ነዋሪ፦
ሊገደድ ይገባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ከመሬቱ እጀምራለሁ። እኛ የምንሄድባቸው ታላላቅ መዝናኛዎች፣ ቬይል፣ ብሬክንሪጅና ኪስቶን፣ በአብዛኛው የተዘረጉት በዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ባለቤቱ የፌዴራሉ መንግሥት፣ ማለትም ሕዝቡ ነው። ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት እስከ 40 ዓመት የሚደርስ ፈቃድ የመንግሥቱን ደኖች ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ከደን አገልግሎቱ፣ ያገኛሉ፤ በምላሹም ከገቢያቸው ላይ፣ እንደ ገቢው መጠን ከ1.5 እስከ 4 በመቶ በሚደርስ ቀመር የሚሰላ ክፍያ ለመንግሥት ይከፍላሉ። እንግዲህ ተራራው የእኔም ከሆነ፣ በገዛ ተራራዬ ላይ ዳቦዬን ስገምጥ እንደ ሌባ የምሸማቀቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ነጥቤ የአማራጭ ማጣት ነው። ከተማ ውስጥ አንዱ ቤት ሲወደድብን መንገድ ተሻግረን ሌላው ቤት እንገባለን። በ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያውም ቁርጭምጭሚትን ቀፍድዶ በያዘ ጫማ፣ የት ይኬዳል? ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍትም፣ የዕቃ ኪራዩም፣ ምግብ ቤቱም ብዙውን ጊዜ የአንድ ባለቤት ነው። እኔ ራሴ ለአንድ በርገር፣ ለድንች ጥብስና ለአንድ ጠርሙስ ውሃ ከ30 ዶላር በላይ የከፈልሁበት ቀን አለ። የሦስቱ መዝናኛዎች ባለቤት ቬይል ሪዞርትስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኤፒክ ለሚባለው የሊፍት መግቢያ ካርድ ባለቤቶች በተራራው ምግብ ላይ የ20 በመቶ ቅናሽ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ቅናሹ ግን የሚያገለግለው ካርዱን አስቀድሞ ለገዛ ሰው ነው፤ ደግሞም የተወደደ ነገር ላይ የሚደረግ ቅናሽ ዋጋውን ረከሰ አያሰኘውም።

ምግብ አብሳዩ፦
ወንድሜ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያን በርገር ከጀርባው አላዩትም። እኔ ከተራራ ጫፍ ላይ ባለ ወጥ ቤት አራት ክረምት ሠርቻለሁ። ሽንኩርቱም፣ ዱቄቱም፣ የጋዝ ሲሊንደሩም ሌሊት በበረዶ ትራክተር ተጭኖ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ቆሻሻው ደግሞ በዚያው መንገድ ይወርዳል። ነፋስ በርትቶ ሊፍቱ የተዘጋ ዕለት የተዘጋጀው ሾርባ ሁሉ ይደፋል፣ ሠራተኛው ግን ደመወዙን ይፈልጋል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላና ምስር አዲስ አበባ ከሚፈጅባቸው ጊዜና ነዳጅ በላይ ይወስዳሉ። ወቅቱ አምስት ወር ቢሞላ ነው። ቬይል ሪዞርትስ እ.ኤ.አ. በ2022 የሠራተኛውን መነሻ ክፍያ በሰዓት 20 ዶላር እንደሚያደርስ ሲያስታውቅ እኛ ወጥ ቤት ውስጥ ተቃቅፈናል፤ ያም ገንዘብ የሚወጣው ከሳህኑ ላይ ነው።

መቀመጫውንም አስቡት። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይራባል። ስድስት ወንበር ይዞ ምሳ ዕቃውን የሚደረድር ቤተሰብ፣ ትሪውን ተሸክሞ ቦታ የሚፈልገውን ከፋይ ቆሞ ያስቀረዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ አዲስ አበባ ሥጋ ቤት ገብቶ የራሱን ሥጋ ከዘንቢል የሚያወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሌላም ነገር ልበል። ክርክሩ ሁሉ ርካሽ ስለ መብላት ሆነ እንጂ፣ ደህና መብላት የጉዞው ግማሽ አካል የሆነላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። በቢቨር ክሪክ ወደሚገኘው ቢኖስ ካቢን ማታ ማታ እንግዳው በበረዶ ትራክተር በሚጎተት ተንሸራታች ተቀምጦ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይወጣል። ኪስቶን ላይ ያለው አልፐንግሎው ሽቱበ ደግሞ በጎንዶላ (በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ካቢን) የሚደረስበት፣ ከ3,400 ሜትር በላይ የተሠራ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ራት በዓመት አንድ ጊዜ መብላት ሊናቅ አይገባም፤ እዚያ የሚያበስለውም ሰው ሙያው ነው።

ከሙኒክ፦
እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦስትሪያ ወዳለው የቲሮል ተራራማ አገር የምወርድ ሰው ነኝና የአልፕስን ልምድ ላቅርብ። በፈረንሳይ ብዙ የበረዶ ሸርተቴ መንደሮች ውስጥ «ሳል ኦር ሳክ» የሚባል ክፍል አለ፤ ትርጉሙ በጥሬው ከቦርሳ የወጣ ምግብ የሚበላበት አዳራሽ ማለት ነው። ጠረጴዛ፣ ማሞቂያና መጸዳጃ ቤት ያለው ተራ ክፍል ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆች በአውቶቡስ መጥተው ሳንድዊቻቸውን እዚያ ይበላሉ። ይህ በመኖሩ የፈረንሳይ ምግብ ቤቶች አልተዘጉም። ኩርሽቬል ውስጥ ሦስት የሚሽለን ኮከብ (ለምግብ ቤት የሚሰጥ ከፍተኛው ደረጃ) ያለው ምግብ ቤትና ቦርሳ ተሸካሚው ሕፃን በአንድ ሸለቆ ይኖራሉ።

በኦስትሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተው የተራራ ወዳጆች ማኅበር በተራራ ማረፊያ ጎጆዎቹ ውስጥ ለአባላቱ «የተራራ ወጣጮች ምግብ» የሚሉትን ያቀርባል፤ ቢያንስ 500 ካሎሪ ያለው፣ በተወሰነ ዋጋ የሚሸጥ ትኩስ ምግብ ነው። ሻይ ለራሱ ለሚያፈላ ሰው የፈላ ውሃም ይሸጥለታል። ነገሩን አላሳምረውም፤ በግል ጎጆዎች ከውጭ የመጣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት በኦስትሪያም ነውር ነው፣ በር ላይ ተጽፎም ይታያል። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቲሮል ውስጥ ሊፍቱ የአንድ ኩባንያ ቢሆንም ጎጆዎቹ በአብዛኛው የየገበሬው ቤተሰብ ናቸው፤ በአንድ ቁልቁለት ላይ ሦስት አራት ቤት ተከታትሎ ይገኛል። አንደኛው ካይዘርሽማርኑን ቢያስወድድ ወይም ቢያሳንስ (ተቆራርሶ ከነመጥበሻው የሚቀርብ፣ በፕለም ማርማላታ የሚበላ ወፍራም የእንቁላል ቂጣ ነው)፣ ሸርተቴዬን አስሬ ወደ ታችኛው ቤት እንሸራተታለሁ። ስለዚህ ለኮሎራዶ ሰዎች የምመክረው፣ ከክፍሉ ይልቅ ሁሉም ምግብ ቤት በአንድ እጅ መሆኑን እንዲከራከሩበት ነው። በተራራው ላይ ተፎካካሪ ሲኖር ምግቡ ይጣፍጣል፣ ዋጋውም አደብ ይገዛል።

የደብረ ብርሃን ሰው፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ዋጋ ስትጽፉ አንድ ነገር ረሳችሁ። የበረዶው ወቅት የጾም ወቅት ነው። ተራራው በኅዳር ይከፈታል፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው። ከገና በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይገኛሉ፣ ከእነርሱም ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ። ቀጥሎ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሆኖ ይገባል፤ ሲፈታ በረዶው እየቀለጠ ነው። የሙኒኳ ልጄ ያወደሰችው ቂጣ እንቁላልና ወተት ነው። የምግብ አብሳዩ ወንድሜ በርገር እንኳን ለጾመኛ ሊሆን፣ ድንቹ በምን ዘይት እንደ ተጠበሰ የሚነግረን የለም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2026 ረመዳን በየካቲት ገብቷል፤ ሊፍቱ በአሥር ሰዓት ገደማ ሲቆም ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ለማፍጠር ተቀምጦ የሚጠበቅበት ቦታ ያስፈልጋል። እኔ ምግብ ቤት ጠልቼ አይደለም በሶና ቆሎ የምይዘው። ለእኔ የሚሆን ነገር ሠርተው ቢሸጡልኝ እገዛለሁ፤ ካልሠሩልኝ ግን ይዤ የመጣሁትን አትብላ ሊሉኝ አይገባም። ከፍታው ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ የቬይል መንደር ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም።

የሕግ ተማሪ፦
ለጥያቄው አቀራረብ አንድ እርማት አለኝ። «ይገደዱ» የምንለው በአዲስ ሕግ ከሆነ ሩቅ ነው። በደን መሬት ላይ ያለ መዝናኛ ግን አዲስ ሕንፃ ወይም ሊፍት ለመሥራት ሲፈልግ ዕቅዱን ለደን አገልግሎቱ ያቀርባል፤ ለትልልቅ ሥራዎች ሕዝቡ አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ይከፈታል። ጥያቄው የሚገባው በዚያ በር ነው። ለሁሉም እንደማይደርስ ደግሞ እንወቅ፤ በዩታ የሚገኘውና በምግቡ የታወቀው ዲር ቫሊ ሲጀመር የተሠራው በግል መሬት ላይ ስለሆነ፣ «የሕዝብ መሬት» የሚለው ክርክር እዚያ አይሠራም።

የአውሮራ ነዋሪ፦
የመቀመጫውን ነገር ተቀብያለሁ፤ በቀትር ሰዓት ከፋዩን ማስነሣት ተገቢ አይደለም። የሥጋ ቤቱን ምሳሌ ግን አልቀበልም፤ ሥጋ ቤት የሚገባ ሰው በሩን የከፈተው ሥጋ ሊበላ ነው፣ እኛ ግን ለሊፍቱ ከፍለን ወደ ተራራው የወጣነው ልንሸራተት ነው፤ ረኀቡ በመሐል የመጣ ነው። አራፓሆ ቤዚንን ተመልከቱ፤ ከመኪና ማቆሚያው ጠርዝ፣ «ዳርቻው» በሚሉት ቦታ፣ ቤተሰቡ ከመኪናው ከሰል ማንደጃ አውርዶ እየጠበሰ ልጆቹ ሸርተቴያቸውን እንዳሰሩ ይመጣሉ። መዝናኛው በዚህ አልከሰረም፤ እንዲያውም በዚያ ስሙ ተጠራ። እኔ የምጠይቀው ለብርዱ ቀን ጣሪያ እንዲጨመርበት ብቻ ነው።

ባለ ምሳ ዕቃዋ፦
የተወራብኝ እኔ ስለሆንሁ አንድ ነገር ላስተካክል። ምሳ ዕቃውን ከመክፈቴ በፊት ለልጆቼ ሦስት ትኩስ ቸኮሌት ከዚያው ቤት ገዝቻለሁ፤ ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከገዛሁ አይቀር ጥግ ላይ ብንቀመጥ የሚጎዳ አልመሰለኝም። አስተናጋጁን አልቀየምሁትም፤ አለቃው ከኋላ ቆሞ ነበር። ሲመሽ ከተራራው በታች ወዳለችው ፍሪስኮ ከተማ ወርደን ከአንድ ትንሽ ቤት ሾርባ በላን፤ ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያ ሾርባ ነው። ተራራው ላይ ላጠፋው የነበረውን ገንዘብ እዚያ አጠፋሁት።

ምግብ አብሳዩ፦
እኅቴ፣ ደረሰኝ ከነበረሽ አስተናጋጁ ተሳስቷል ብዬ እፈርዳለሁ፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። ከዚህ ክርክር ተነሥቶ ለደን አገልግሎቱ ደብዳቤ የሚጻፍ ከሆነ በሁለት ነገር እፈርማለሁ። አንደኛ፣ ክፍሉ ከታች፣ ሊፍቱ መነሻ አጠገብ ይሁን፤ እላይ አንድ ካሬ ሜትር መሥራትና ማሞቅ ምን ያህል እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ ክፍሉን የሚያጸዳ ሰው በደመወዝ ይቀጠር ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ፣ ማታ መጥረጊያውን የሚያስይዙት ከወጥ ቤት ከሚወጡት አንዱን ነው፤ እኔ አራት ክረምት ይዤዋለሁ።

አስተባባሪ፦
ሁለቱም ነጥቦች በደብዳቤው ረቂቅ ውስጥ ይገባሉ። የደብረ ብርሃኑ አባታችን የጾሙን አንቀጽ፣ የሕግ ተማሪው ደግሞ የፈቃዱን አንቀጽ እስከ ሐሙስ እንዲልኩልን እንጠይቃለን። የሙኒኳ እኅታችን የጎጆ ባለቤትነት ጉዳይ ሰፊ በመሆኑ ለብቻው ይቀርባል።