ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ምን ይመራመራሉ? ከሐኪም ቤቱ ውጪ ያለውን የምታውቁ ንገሩኝ

የቆጪዋ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሹ ወንድሜ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል። እናታችን ደስ ብሏት ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች፤ እሱ ግን ፊቱ ጠቁሯል። ከቤቱ መውጣት ነበር የፈለገው። ልጁ ነፍሳት ይወዳል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጉንዳን ሲከተል ነው የሚውለው። ትናንት ማታ «ሐኪም መሆን ለማይፈልግ ሰው እዚያ ምን አለ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ።

ጅማ ተወልጄ አድጌ በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ሰው ሲታመም እንሄዳለን፣ ልጅ ሲመረቅ አበባ ይዘን እንሄዳለን፣ ከዚያ ውጪ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው የምፈልገው። ደግሞ የአጎታችን ቡና 74110 የሚባለው ነው፤ ይሄንን ያወጣው ዩኒቨርሲቲው ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

ሰኮሩ ላይ የነበርኩ

እህቴ፣ ነፍሳት የሚወድ ልጅ ከሆነ ደህና ቦታ ነው የደረሰው። እኔ ሁለት ዓመት የወባ ትንኝ ምርምር ላይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከግልገል ጊቤ ግድብ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት መብራት መጣ፣ ትልቅ ሐይቅም አብሮ መጣ። ሐይቅ ካለ ዳርቻ አለ፣ ዳርቻ ካለ ከብት የረገጠው ጭቃ አለ፣ ኮቴው ውስጥ ውሃ ያቁራል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ትንኟ እዚያ እንቁላሏን ትጥላለች። ዩኒቨርሲቲው በ2005 እ.ኤ.አ. በግድቡ ዙሪያ የመስክ ምርምር ማዕከል ከፈተ። ሰኮሩ፣ ከርሳ፣ ኦሞ ናዳና ጥሮ አፈታ ውስጥ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቀቀ እየተባለ ቤት ለቤት ይመዘገባል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከግድቡ 3 ኪሎ ሜትር ባልራቁ መንደሮች ያሉ ልጆች ከሩቆቹ ይልቅ በወባ የተያዙት በዝተው መገኘታቸውን ነገረን። ሰው ሁሉ «አላልንም ነበር?» አለ። እኔ ይሄን ሥራ የወደድኩት ግን ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። እዚያ ላይ አላቆሙም። በ16 መንደሮች ከ2 ሺህ በላይ ልጆችን ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ተከታተሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው የወባ ዓይነት ላይ የግድቡ ርቀት ለውጥ አላሳየም፤ ለውጥ ያመጣው ወቅቱ ነው። አንድ ቀን ሄዶ ደም መውሰድና ሁለት ዓመት መከታተል አንድ አይደለም። የራስን ግቢ ግኝት መልሶ መፈተሽ ድፍረት ይጠይቃል፣ እኔ በጣም ነው የማከብረው።

ወንድምሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ይሄን ንገሪው። እጩን፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣውን የትንኝ ልጅ፣ ከኮቴ ውሃ በጭልፋ ትቀዳለህ። በትሪ ውሃ ውስጥ እየቀለብክ ታሳድገዋለህ። ክንፍ ሲያወጣ ሴቶቹን ለይተህ፣ 25 ያህሉን መድኃኒት የተነከረ ወረቀት ባለበት ቱቦ ውስጥ ትከታለህ፤ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወደ ንጹሕ ቱቦ ታዛውራቸዋለህ፣ ጥጥ በስኳር ውሃ ነክረህ ላያቸው ላይ ታደርጋለህ፣ በ24 ሰዓት የሞተውን ትቆጥራለህ። መጀመሪያ በዲዲቲ የሞከርኩ ቀን ጠዋት ገብቼ ቱቦውን ሳነሳ አብዛኞቹ ግድግዳው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በሕይወት! እንደገና ቆጠርኩ፣ ያው ነው። በግልገል ጊቤ አካባቢ ያለችው ትንኝ ዲዲቲን ብቻ ሳይሆን አጎበር የሚነከርበትንም መድኃኒት እየተቋቋመች መሆኗ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቤትሽ ግድግዳ ላይ የሚረጨው መድኃኒት የሚቀየረው በእንዲህ ዓይነት ቆጠራ ነው።

ማናው

የ74110ን ነገር እኔ ልመልስ፣ አባቴ ሁለት ሄክታር አለው። ያወጣው ዩኒቨርሲቲው አይደለም። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ሰው ሁለቱን ሁሌ ያምታታል፣ ከተማው አንድ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ ታየ። ፈንገስ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁርና ይረግፋል፤ አባቴ «ዛፉ ቆሞ ፍሬው ይቀበራል» ይላል። ተመራማሪዎቹ ያልታመመ እናት ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ዞሩ። 74 ማለት የተመረጠበት ዓመት ነው፣ 1974። 74110 ራሱ ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የመጣ ነው። ዛፉ አጠር ብሎ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አጎትሽን ጠይቂው።

የዩኒቨርሲቲው ግብርና ኮሌጅ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በዕድሜ ከዩኒቨርሲቲው ይበልጣል። በ1952 እ.ኤ.አ. ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ ነው የተከፈተው፤ ዩኒቨርሲቲው የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፣ እሱና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲዋሃዱ። እኔ እዚያ ነው የተማርኩት። የሚገርመኝ የአጥንቱ ሥራ ነው። ቀዩ አፈራችን አሲዳማ ነው፣ ፎስፈረስን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና ለተክሉ አይለቅም። ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የከብት አጥንት አክስለው ማዳበሪያ ለማድረግ ሞከሩ። አጥንት ውስጥ ፎስፈረስ ሞልቷል። ቄራ አጠገብ ተቆልሎ የሚሸተው ነገር! ለማዳበሪያ የውጭ ምንዛሪ ለሚያወጣ አገር ይሄ ቀላል ሐሳብ አይደለም።

ሲስተር

ሐኪም ቤቱን ዝም ብላችሁ አታሳልፉት፣ እሱም ውስጥ ማከም ብቻ አይደለም ያለው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዴንማርኩ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራ የሕፃናት ክትትል አለ። ልጁ በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ራቁቱን የመስታወት ሣጥን በመሰለ መሣሪያ ውስጥ ይተኛል። ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፣ ውስጡ ይሞቃል፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ይወስደዋል። መሣሪያው ከክብደቱ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ሥጋና አጥንት እንደሆነ ያወጣል። እነዚያን ልጆች እያደጉ ተከታተሏቸው። ሲወለዱ ከስብ ውጪ ያለው ክብደታቸው ከፍ ያለው በ2 ዓመታቸው በአእምሮና በአካል እድገት ፈተና የተሻሉ ነበሩ፣ ስቡ ግን ለውጥ አላሳየም። እናቶች «ልጄ ወፍራም ነው» ብለው ሲደሰቱ በሰማሁ ቁጥር ይሄ ነው ትዝ የሚለኝ።

አዌቱ ዳር

ወንድምሽ ነፍሳት ይወዳል ካልሽ አካባቢ ጤናም አለ። እኛ ተማሪ ሆነን አዌቱ ወንዝ ገብተን ድንጋይ በእግራችን እየነቀነቅን ከታች በመረብ እንይዝ ነበር። የያዝነውን ነጭ ትሪ ላይ እንገለብጠዋለን። ከከተማው በላይ ሦስት ጭራ ያላት ትንሽዬ ነፍሳት ታገኛለህ፤ እሷ ኦክስጅን ካነሰ አትኖርም። ወደ ቦዬ ረግረግ ስትወርድ እሷ ትጠፋና ደም የመሰለ ቀይ ትል ብቻ ይቀራል። ያለ ምንም መሣሪያ ውሃው መታመሙን ታያለህ። በቡና ማጠቢያ ወቅት ጣቢያዎቹ ፍሳሻቸውን በሚለቁባቸው ጅረቶች ላይም ያው ነው የሚታየው፤ የቡናው ስኳር ሲቦካ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል።

ገበሬ ልጅ ነኝ

ሁሉም ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ሆዴ ውስጥ ስለቆየ። የእኛ ቀበሌ ጠያቂ ይበዛዋል። የየት እንደሆኑ አልጠራም። አንድ ጊዜ የመጡት እናቴን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቋት፤ ስንት ላም፣ ስንት ልጅ፣ ውሃ ከየት፣ ሽንት ቤት አለ ወይ። ሥራዋን ትታ መለሰችላቸው። አመሰግናለሁ ብለው ሄዱ። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ያገኙትን የነገረን የለም። እናቴ አሁንም «እነዚያ ልጆች ምን አገኙ ይሆን?» ትላለች። መልሱ በእንግሊዝኛ አንድ ቦታ ታትሞ ይሆናል፤ እሷ ግን አፋን ኦሮሞ ነው የምታውቀው።

ሰኮሩ ላይ የነበርኩ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ እኔም ፎርም ይዤ የሰው በር አንኳኩቻለሁ፣ ስለዚህ ይመለከተኛል። የጅማ መፈክር «እኛ ማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ነው፤ ተማሪውም በየዓመቱ መንደር የሚወጣው ለዚህ ነው። ታዲያ የእናትህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። አንድ የማውቀውን ልንገርህ። ከጥያቄው በፊት የሚነበበው የስምምነት ወረቀት ላይ የተቋሙና የኃላፊው ስልክ ይጻፋል። ቅጂ ይገባችኋል። ቀጣይ ሲመጡ እናትህ ወረቀቱን ትቀበል፣ «ውጤቱን መቼ በቋንቋችን ትነግሩናላችሁ?» ትበል፣ ከዚያ ትመልስላቸው። እኛ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ያነበብንበት ጊዜ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ከፈታኞቻችን የባሰ ጥያቄ ነበር የጠየቁን።

ለእህቴም፦ የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናልን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው ይሄው ጅማ ነው፤ በነፃ ይነበባል። ወንድምሽ ስልኩ ላይ ይክፈተው።

የቆጪዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የትንኙን ነገር አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «25 ብቻ? ለምን ሃምሳ አልሆነም?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ምን አውቄ! አሁን ጭልፋ ይዞ ወደ ቦዬ ሊወርድ ነው፣ እናቴ የወጥ ጭልፋዬን አይነካም ብላ ቆማለች።

ሰኮሩ ላይ የነበርኩ

ስልጡን ጥያቄ ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ከበዙ ተጨናንቀው ይሞታሉ፣ መድኃኒቱ የገደለ ይመስልሃል። ስለዚህ አራት ቱቦ ታደርጋለህ፣ መድኃኒት የሌለበት ሌላ ሁለት ደግሞ ለማነጻጸሪያ። ለጭልፋው ነጭ ፕላስቲክ ግዢለት፣ እጩ ነጭ ላይ ነው ደህና የሚታየው። ቦት ጫማም ያስፈልገዋል።