«መጀመሪያ ሰው» ካላችሁ ሁለተኛው መቼ ነው?

ሰባራ ጃንጥላ፦ ጠዋት ሬዲዮ ስሰማ ደሜ ፈላ። ፈቃደኛ የእንስሳት ሐኪሞች ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ውሾችና ድመቶች በነፃ ያክማሉ ተባለ። ጎሽ ብዬ ሳልጨርስ አንዱ እንግዳ «መጀመሪያ ሰው ይታከም፣ ውሻው ይደርሳል» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ሙዚቃ ገባ። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ «መጀመሪያ» የሚባለው ነገር የሚያልቀው መቼ ነው?

ቀጥ በል፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? እኔም የምለው እሱኑ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና። ማደሪያ የሌለው ሰው ውሻ ምን ያደርግለታል?

የድመት እናት፦ ያሞቀዋላ! ይጠብቀዋላ! ሌሊት ጫማውን ሊወስድ የመጣውን የሚያባርርለት ማን መሰለህ?

ቀጥ በል፦ እሺ ይጠብቀው። መርፌና ቀዶ ጥገና ግን ገንዘብ ነው። ያ ገንዘብ ለሰውዬው ሳል ይዋል ነው የምለው። መጀመሪያ ሰው።

ሰባራ ጃንጥላ፦ ይኸው ደገምካት! የእንስሳት ሐኪም የሰው ሳል አያክምም እኮ ወንድሜ። በዕረፍት ቀኑ ወጥቶ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ከማን ላይ ቀማ?

ቀጥ በል፦ መድኃኒቱስ ከሰማይ ይወርዳል? አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ...

ሰባራ ጃንጥላ፦ አንቺ? ወንድ ነኝ።

ቀጥ በል፦ ጃንጥላ ስትል ሴት መስለኸኝ ነው።

የድመት እናት፦ ጃንጥላ የሴት ነው ያለህ ማነው? ዝናብ መርጦ ነው የሚዘንበው?

ዶ/ር መርፌ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚሁ ሥራ እወጣለሁ። በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ 100 ሰዎች እስከ 99 የሚደርሱት በሽታው የያዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ ግን ስርጭቱ ይቋረጣል። ታዲያ ውሻውን ስወጋ ለማን ብዬ የምወጋ መሰለህ? እከክም አለ። አንዱ ዓይነት ከውሻ ወደ ሰው ይጋባል፤ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ሲያድሩ አብረው ያክካሉ።

ቀጥ በል፦ ዶክተር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ክትባቱን ተቀበልኩ። እንዳይወልዱ ማምከኑ ግን ቅንጦት ነው።

ዶ/ር መርፌ፦ ውሻ ከ6 ወሯ ገደማ ጀምሮ ማርገዝ ትችላለች። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው። ካላመከንኳት በዓመቱ ሰውዬው ከነቡችሎቿ ነው የሚያድረው። ያልተከተቡ ቡችሎች ውስጥ ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ከገባ ደግሞ ትውከት ነው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነው፤ በጥቂት ቀን ያልቃሉ። ክትባቱም አንዴ ተወግቶ አያበቃም። ከ6 እስከ 8 ሳምንታቸው ባለው ጊዜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንታቸው ድረስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። እኔን የሚቸግረኝ መርፌው አይደለም። በቀጠሮው ቀን ስሄድ ሰውዬው የለም። ከዚያ ጥግ ተባርሯል፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ የክትባት ካርዱን ዝናብ አርሶታል።

የቡቺ አባት፦ ሁለት ዓመት ውጭ አድሬያለሁ፣ ከውሻዬ ጋር። መጠለያ ስሄድ «ውሻዋን ተውና ግባ» ተባልኩ። አልገባሁም። ሞኝ በሉኝ። ቡችላ ሳለች አንገቷ ላይ ገመድ አስሬላት ነበር። እሷ አደገች፣ ገመዱ አላደገም። ፀጉሯ ሸፍኖት አላየሁትም፤ ሽታው ነው የነገረኝ። ሐኪሟ በትንሽ መቀስ እየቆረጠች ስታወጣው ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዳላይ ዞር ማለት ፈልጌ ነበር፣ ግን ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስትጨርስ የእኔን እግር አየችው። ሦስት ወር ሙሉ ለማንም ያላሳየሁት ቁስል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ነርስ ይዛ መጣች።

ቀጥ በል፦ ይኸው! ነርሷ መጀመሪያ ብትመጣስ ኖሮ?

የቡቺ አባት፦ አባርራት ነበር።

ቀጥ በል፦ ይቅርታ አድርግልኝና ገመዱን ያሰርከው አንተ ነህ። ውሻዋ ቤት ያለው ሰው ጋ ብትሆን አንገቷ አይቆስልም ነበር።

የድመት እናት፦ ተው እንጂ! ግቢው ውስጥ በአንድ ሜትር ሰንሰለት አስሮ የሚያሳድገው ቤት የለውም? እሱን ማን ጠየቀው?

የቡቺ አባት፦ ተይው እህቴ፣ እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሐኪም ያስፈለገኝም ለዚሁ ነው።

አስተያየት የለኝም፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ካሜራው። ውሻው ሲታከም ይቀረጻል፣ ስሙ ይጻፋል፣ ልብ ይደረግለታል። የጌታው ግን ግማሽ ፊቱ ተቆርጦ ጥግ ላይ ይቀራል። ስሙንም የጠየቀ የለም። «መጀመሪያ ሰው» የሚለው እዚህ ላይ ቢሆን እኔም እፈርም ነበር።

ዶ/ር መርፌ፦ ይሄ ይነካኛል። እኛም አድርገነዋል።

ቀጥ በል፦ ተመስገን፣ አንድ ሰው ገባው! ዶክተር፣ ቀዶ ጥገና ያደረጉላት ውሻስ? ስፌቷን ይዛ ጭቃ ላይ ልትተኛ ነው?

ዶ/ር መርፌ፦ ልክ ጠየቅክ። ራሱ የሚሟሟ ክር ስለምንጠቀም ክር ለማውጣት መመለስ የለባትም። ግን ከ10 እስከ 14 ቀን መሮጥም መርጠብም አይፈቀድላትም። ፈቃደኛ ሰው ቤት ትቆይ ስንል ባለቤቱ እምቢ ይላል። «ወስዳችሁ ልታስቀሩብኝ ነው» ይላል።

የቡቺ አባት፦ እኔም አልሰጥም ነበር። «እንመልሳለን» የማይል ማን አለ?

ሰባራ ጃንጥላ፦ ሰውን ከነውሻው የሚያስገባ ማደሪያ ቢኖርስ? እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ስትሪትቬት የሚባል የእንስሳት ሐኪሞች በጎ አድራጎት ድርጅት መንገድ ላይ በነፃ ያክማል፤ ማደሪያ ቤቶችም ከነውሻቸው እንዲቀበሏቸው ይሠራል።

ቀጥ በል፦ አሁን ደግሞ ለውሻ አልጋ! ውሻ ምን አገባው ከእርሻ አሉ።

ሰባራ ጃንጥላ፦ በጉተና ጀምረህ እርሻ ገባህ። ተረትህ ሲያልቅ ጥራኝ።

ቀጥ በል፦ ጥያቄዬን መልስ። ገንዘቡ ለአንዳቸው ብቻ የሚበቃ ቢሆን ለሰውዬው ነው ወይስ ለውሻው?

ሰባራ ጃንጥላ፦ የቡቺ አባትን ማንን እንደሚያስቀድም ጠይቀው። መልሱን ታውቀዋለህ፣ አትወደውም እንጂ።

ቀጥ በል፦ እሱን አልጠየቅኩም። ዶክተርን ነው።

ማታ ገባሁ፦ ሰላም፣ ሁሉንም አላነበብኩም። ድመቴ ሁለት ቀን ምግብ አልበላችም፣ ትኩሳትም ያላት ይመስለኛል። ግማሽ ፓራሲታሞል ልስጣት?

ዶ/ር መርፌ፦ በፍጹም! ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፣ ትንሹም ቢሆን። ምንም የሰው ክኒን አይስጧት። አሁኑኑ ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ከሰጧት ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

ቀጥ በል፦ ዶክተር፣ እኔ እኮ ከድመቷ በፊት ነው የጠየቅኩት።