ይሉኝታን ከማኅበራዊ ፍርሃት የሚለይ መለኪያ እንዴት ላዘጋጅ?

የሥነ ልቦና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ በመመረቂያ ጥናቴ ላይ ከአንድ ወር በላይ ያቆመኝን ችግር ይዤ እርዳታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠቀምበት መጠይቅ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሊሪ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳጠረው፣ በሌሎች ዘንድ በመጥፎ የመገመትን ፍርሃት የሚለካው ሲሆን፣ 12ቱ ዐረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስለሚሰጣቸው ድምሩ ከ12 እስከ 60 ይደርሳል።

ከእነዚህ 4ቱ በተቃራኒ የተጻፉ ናቸው። «ሰዎች መጥፎ ግምት ቢኖራቸውም አልጨነቅም» ለሚለው ዐይነት «በፍጹም አይገልጸኝም» ብሎ መመለስ በአሉታ ላይ አሉታ ስለሚሆን መላሾቼ ግራ ይጋባሉ፤ ነጥቡን ገልብጬ ከቆጠርኩ በኋላም ከሌሎቹ 8 ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይሉኝታ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» ማለት በእኛ ዘንድ የጨዋነት ምልክት ነው፤ ይሉኝታ ቢስ መባልም ስድብ ነው። መጠይቁን የሞከርኩባቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄማ አስተዳደግ ነው» ብለውኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ሰው ከሰው ፊት መቅረብ የሚያስጨንቀው ይሁን ወይስ በሥርዓት ያደገ፣ ከድምሩ ብቻ መለየት አልቻልኩም።

4ቱን አውጥቼ በ8ቱ ልቀጥል፣ ወይስ በአዎንታ ልጻፋቸው? በ24 ሁኔታዎች ፍርሃትንና መሸሽን ለየብቻ የሚጠይቀውን የሊቦዊትዝን የማኅበራዊ ፍርሃት መለኪያ አብሬ ባቀርብስ ይሉኝታው ይለይልኛል? መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሳችሁ የምታውቁ፣ ያደረጋችሁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።